ከፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና በኋላ ሽንት ሲያመልጥ፦ ከጅማ የተከፈተ ክር ከነመልሶቹ

ክሩን (በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደረውን የመልስ ሰንሰለት) የከፈተው ሰው ጥያቄ ያስመሰለው ነገር እንዲያውም ክስ ነበር። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ፕሮስቴቱ (ከፊኛው ሥር ያለው የወንድ ዕጢ) በካንሰር ምክንያት የወጣለት ወይም ጨረር የተሰጠው ሰው ሽንት አመለጠኝ ሲል የሚሰማው ምክር ሁለት ብቻ ነው ይላል፦ ዳይፐር ልበስ፣ ውኃ ቀንስ። የመጀመሪያው ግማሽ መፍትሔ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ጉዳት። ውኃ የቀነሰ ሰው ሽንቱ ይወፍርና ፊኛውን ይቆጠቁጠዋል፤ ፊኛ ሲቆጣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያስቸኩላል። በቀን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ፈሳሽ መጠጣት አለበት ሲል ጻፈ። ከዳይፐሩ በፊት መገዛት ያለበት በግራም የሚመዝን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ነው ብሎም ደመደመ። ከዚያ ሕክምናው በምን ቅደም ተከተል መሄድ እንዳለበት ለሚያውቁ ሁሉ ጥያቄውን ለቀቀ።

1ኛው መልስ ሚዛኑን ደግፎ አሠራሩን ዘረዘረ። ደረቁን ፓድ አንዴ መመዘን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተቀየሩትን ሁሉ አፉ በደንብ በታሰረ ፌስታል ማጠራቀም፣ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ መዝኖ የደረቁን ክብደት መቀነስ። ፌስታሉ ክፍት ከሆነ ይተናል፣ ቁጥሩም ያንሳል። 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በምሳሌው አንዱ ፓድ ደረቁን 40 ግራም ቢሆን፣ አምስቱ 200 ይሆናሉ፤ እርጥቡ በድምሩ 520 ቢመዝን ያመለጠው 320 ሚሊ ሊትር ነው። ከ200 በታች ቀላል፣ ከ200 እስከ 400 መካከለኛ፣ ከ400 በላይ ከባድ ተብሎ በአብዛኛው ይመደባል፤ ቀላሉን ከ100 በታች ብቻ የሚያደርጉም አሉ። ቤት ተኝቶ በዋለበት ቀን መመዘን ራስን ማታለል ስለሆነ፣ ሰውየው ገበያ በሚወጣበት ወይም ሥራ በሚሠራበት ቀን ይሁን አለ። ከዚህ ጋር የሦስት ቀን መዝገብ ይያዝ፦ የጠጣው፣ የሸናው በስንት ሰዓት፣ ያመለጠው ምን ሲያደርግ።

2ኛው መልስ በአክብሮት ጀምሮ እርማት ሰጠ። ለኔ የክሩ ምርጥ ጽሑፍ ይህ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው መጠኑን እንጂ ዓይነቱን አይደለም፣ ሕክምናውን የሚወስነው ደግሞ ዓይነቱ ነው አለ። ወንድ ሽንቱን የሚይዝበት ሁለት መቆለፊያ አለው። የውስጠኛው ፊኛው አንገት ላይ ስለሆነ ፕሮስቴቱ ሲወጣ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጭነቱ በሙሉ በውጪኛው ክብ ጡንቻ ላይ ይወድቃል። ይህ ጡንቻ ከደከመ ሰውየው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ከወንበር ሲነሳ፣ ጆንያ ሲያነሳ ያመልጠዋል፤ ሌሊት ሲተኛ ግን ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። የጨረር ጉዳት መልኩ ሌላ ነው። ፊኛው ይቆጣል፣ መያዝ የሚችለው መጠንም ይቀንሳል። ሽንቱ ድንገት ይመጣና ሽንት ቤት ሳይደርስ ያመልጣል፤ ይህም ጨረሩ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ሦስተኛውና የሚዘነጋው ጠባሳ ነው። ፊኛው ከሽንት ቧንቧው ጋር የተሰፋበት ቦታ ይጠባል፣ ሽንቱ ይቀጥናል፣ ፊኛው ሳይራገፍ ይሞላና ቀን ከሌት ጠብ ጠብ ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ለወራት የዳሌ ጡንቻ ስፖርት አሠርቶ ማቆየት ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመጀመሩ በፊት የሽንት ምርመራ ለኢንፌክሽን፣ የስኳር ምርመራ፣ ከሸና በኋላ የቀረውን ለማየት ደግሞ አልትራሳውንድ። ጨረር የወሰደ ሰው ሽንቱ ውስጥ ደም ካየም ጨረሩ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት።

3ኛው አንድ መስመር ነው፦ ጊዜ ብቻውን አያድነውም ወይ? 4ኛው መለሰለት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የአብዛኛው ሰው ሽንት በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት በግልጽ ይሻላል፣ መሻሻሉም እስከ 12 ወር ይቀጥላል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ማኅበር መመሪያ ለውጥ የማይታይበት ሰው ከ6 ወር ጀምሮ ስለ ቀዶ ሕክምና አማራጭ ሊነገረው እንደሚችል፣ ዓመት ሞልቶት አሁንም የሚቸገር ከሆነ ደግሞ ሊቀርብለት እንደሚገባ ያስቀምጣል። ጨረር ላይ ግን ይህ የጊዜ ሰሌዳ አይሠራም፤ መቁጠር የጀመረበት ነጥብ ሌላ ነው።

5ኛው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሆኑ ገና ከመጀመሪያው ቃል ያስታውቃል። የዳሌ ወለል ጡንቻን እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ነው የጻፈው። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ጋዝ እንዳያመልጠው የሚይዝ ሰው የሚያጠብቀው ጡንቻ ነው። መስታወት ፊት ራቁቱን ቆሞ ቢሠራ ብልቱ ወደ ውስጥ ሲሳብና ቆለጡ ትንሽ ከፍ ሲል ያያል። መቀመጫው፣ ጭኑና ሆዱ ከተወጠሩ ስቷል። ትንፋሹን ይዞ ወደ ታች የሚገፋ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን እየሠራ ነው፤ ይህ ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ነው። ሲጀመር ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ማጥበቅ፣ ያንኑ ያህል ማላላት፣ 10 ጊዜ። ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ ማሳደግ። በቀን 3 ጊዜ፣ መጀመሪያ ተኝቶ፣ ከዚያ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ ቆሞ። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ፈጠን ያሉ 10 ማጥበቆች። ካቴተር (ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚገባው የሽንት ማውጫ ቱቦ) ገና ሳይወጣ አይጀመርም። ሽንትን በመሃል እያቋረጡ መለማመድም ፊኛው ሙሉ በሙሉ እንዳይራገፍ ስለሚያደርግ የተለመደ ሥራ አይሁን። ከሁሉም በላይ ጥቅሙ የሚታየው በዕለት ኑሮ ነው፦ ከመሳል፣ ከመነሳት፣ ከማንሳት በፊት ቀድሞ ማጥበቅ። ከመጠን በላይ የሚሠራ ሰው ጡንቻው ይዝልና ማምሻውን ይብስበታል፤ የባሰበትም ስላልሠራ መስሎት ይጨምራል።

6ኛው ተነሳ፤ የክሩም ድምፅ ከዚህ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ስፖርት ባዶ ተስፋ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የእንግሊዝ ትልቅ ሙከራ ጠቀሰ። በባለሙያ እየተረዱ የሠሩትና የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ያገኙት ወንዶች ከዓመት በኋላ በመቶ 76 እና 77 ያህሉ አሁንም ያመልጣቸው ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ በ7ኛው ተመለሰ። ቁጥሩን አልካደም። ሙከራው የጠየቀው ለብቻ የሚሰጥ የባለሙያ ክትትል ይጨምራል ወይ የሚለውን እንጂ ጡንቻውን ማሠራት ዋጋ የለውም የሚለውን አይደለም አለ። ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ ለመድረቅ ነው፤ ዋጋው ዜሮ፣ ጉዳቱ ከድካም የማያልፍ ነገር ለምን ይወረወራል ሲልም ጠየቀ። 6ኛው መልስ አልሰጠም። እኔ የማየው ሁለቱም ልክ እንደሆኑ ነው፦ ስፖርቱ ይሠራ፣ ነገር ግን ዓመት ሙሉ ሠርቶ ያልደረቀን ሰው አልሠራህም ብሎ መውቀስ ይቁም።

8ኛው ቡናን አነሳ። ጅማ ላይ ለሚኖር ሰው ቡና አትጠጣ ማለት ምክር አይሆንም። ካፌይን በዋናነት የሚጎዳው አስቸኩሎ የሚያመልጠውን ነው፤ በሳል ለሚያመልጠው ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ይሞከር አለ፦ በየቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሱ ማቆም፣ ምክንያቱም በአንዴ ማቆም ራስ ያሳምማል። ከዚያ አንድ ሳምንት ያለ ቡና ቆይቶ መዝገቡን ማነጻጸር፣ ለውጥ ከሌለ ወደ ሲኒው መመለስ። ጀበናው ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ አቦሉን ዘሎ ቶና ወይም በረካ ላይ መድረስ ይቻላል፤ ካፌይኑ የሚበዛው በመጀመሪያው ፍል ነውና። 9ኛው አቦል ሳይጠጡ በረካ መጠበቅ ለጎረቤት ስድብ ነው ብሎ ቀለደ። ከዚያ እስከ ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤቶች ድረስ የዘለቀ የማኪያቶ ጨዋታ ተጀመረ፤ ስድስት ያህል መልስ ከርእሱ ውጪ ስለሆነ ቁጥሩን ዘልዬዋለሁ።

16ኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሰው፣ ግን በጫት በኩል። ጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የፊኛውን አንገት የሚያጠብቁትን ጡንቻዎች ስለሚያነቃቃ የሽንቱን ፍሰት ያቀጥናል። ስፌቱ አካባቢ ጠባሳ ባለበት ሰው ይህ ሽንት እስከ መከልከል ሊያደርስ ይችላል። ሆድም ያደርቃል፤ የደረቀ ሰገራ ፊኛውን ይጫናል፣ ማማጡም የዳሌ ወለሉን ያደክማል። ከዚህ ላይ በአንድ ቁጭታ የሚገባው የውኃ፣ የሻይና የለስላሳ ብዛት አለ፤ ሌሊቱን የሚያመልጠው ያ ነው። 17ኛው ተቆጣ። ሐኪሞች ሁሉን በጫት ያሳብባሉ፣ የገበሬውን ኑሮ አታውቁም ብሎ ረዘም ያለ ነገር ጻፈ። 18ኛው ማንም አቁም አላለህም፣ ሁለት ሊትሩን አብረህ አትዋጥ ነው የተባለው ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው።

19ኛው ነርስ ናት፤ በእድሜ የሚበልጧትን ሁሉ ጋሼ እያለች ነው የምትጽፈው። የሚገዛውን ነገር አንድ በአንድ አነሳች። ሞዴስ የተሠራው ለደም እንጂ በአንድ ጊዜ ቧ ብሎ ለሚመጣ ሽንት አይደለም፤ ይፈስሳል፣ ቆዳውንም ያረጥባል። ቀላል ለሆነው የወንድ ፓድ፣ ከባድ ለሆነው ዳይፐር ይሻላል። ጨርቅ የሚጠቀም ሰው ቢያንስ ሁለት ቀን የሚበቃ ትርፍ ይያዝ፤ በጅማ ክረምት ጨርቅ ውጭ ተሰጥቶ አይደርቅም፣ እርጥበት የያዘ ጨርቅ ደግሞ ብሽሽትና ጭን መሃል ፈንገስ ያበቅላል። በደንብ ታጥቦ በጋለ ካውያ እስኪደርቅ ይተኮስ። ቆዳው በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ሳይፈገፈግ በፎጣ ጫን ጫን እየተደረገ ይድረቅ፣ በስሱ ዚንክ ኦክሳይድ ይቀባ። ቫዝሊን በብዛት መቀባት ፓዱን ይደፍነዋል፣ መምጠጥም ያቆማል።

ስለ ኮንዶም ካቴተር (እንደ ኮንዶም ብልት ላይ የሚጠለቅ የሽንት መቀበያ) የጻፈችው ለብቻው ሊታተም የሚገባው ነው። ብዙ ሰው እየወለቀ የሚያስቸግረው መጠኑ ስለማይለካ ነው። የብልቱ መካከል ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል፣ ለ3.14 ይካፈላል። ዙሪያው 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 28.7 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ስለዚህ 29 ቁጥር። በብዛት ያሉት 25፣ 29፣ 32፣ 36 እና 41 ናቸው። ፀጉሩ በመቀስ ይከርከም፣ በምላጭ አይላጭ። ቆዳው ደረቅ ይሁን፣ ቅባት አይነካው። ጫፉ ላይ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፤ አለበለዚያ ታጥፎ ሽንቱን ይመልሰዋል። በየ24 ሰዓቱ ይቀየር። በተራ ፕላስተር ዙሪያውን መጠቅለል የደም ዝውውር ይዘጋል፣ ፈጽሞ አይደረግ። የእግሩ ከረጢት ግማሽ ሲሞላ ይደፋ፤ ከሞላ ክብደቱ ካቴተሩን ይጎትታል። ለሌሊት 2 ሊትር የሚይዘው፣ ከአልጋው ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ።

20ኛው የብልት መቆንጠጫ የሚባለውን መሣሪያ ጨመረ። ለጥቂት ሰዓት ገበያ ወይም ለቅሶ ለመቀመጥ ይጠቅማል። በየአንድ እስከ ሁለት ሰዓቱ መፈታት አለበት፣ ሲተኙ አይደረግም። ብልቱ ላይ ስሜት ያጣ ወይም የሚረሳ ሰው አይጠቀም። ብልቱ ከጠቆረ፣ ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ ጠብቋል ማለት ነው። በላስቲክ ወይም በገመድ መተካት ብልትን እስከ ማጣት ያደርሳል ብሎ በትልቁ አሰመረበት።

ከዚያ የሶላት ጥያቄ መጣ፤ ጅማ ላይ የተከፈተ ክር ይህን ሳይነካ እንደማይዘጋ ግልጽ ነበር። 21ኛው ያለማቋረጥ የሚያመልጠው ሰው ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት) እንዴት ይይዛል አለ። 22ኛው እንዲህ ያለው ሰው መስጊድ ባይመጣ ይሻለዋል የሚል ቃል ወረወረ። 23ኛው በቁጣ ሳይሆን በዕውቀት መለሰለት። ዑዝር (ሊቆጣጠረው የማይችለው ችግር) ያለበት ሰው ሕግ በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) መጻሕፍት ተጽፏል፦ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ይታጠባል፣ ፓዱን ይቀይራል፣ አጥብቆ ይታጠቃል፣ ውዱእ ያደርጋል፣ ሳይዘገይ ይሰግዳል። በመካከሉ የወጣው ሶላቱን አያበላሽም፤ ለሚቀጥለው ወቅት ያድሳል። መዝሀቦቹ (የሕጉ ትምህርት ፈለጎች) በዝርዝሩ ይለያያሉና የሰፈሩን ኡስታዝ ይጠይቅ፤ ከመስጊድ አባራሪው ግን እኛ አይደለንም አለ። 24ኛው ከሕክምናው በኩል ጨመረ። ከሱጁድ (ግንባር መሬት ነክቶ ከመስገድ) ሲነሱ ሆድ ፊኛውን ይጫናል፣ የሚያመልጠውም ያኔ ነው፤ ስለዚህ ከመነሳት በፊት አጥብቆ እያስወጡ መነሳት። ለክርስቲያኑም ስግደት ላይ ያው ነው። በረመዳን ደግሞ ፈሳሹን ሁሉ በኢፍጣርና በሱሁር መካከል መጨመቅ ሌሊቱን ያበላሻል፣ ብዙውን ከኢፍጣር በኋላ ባሉት ሰዓታት መጨረስ ይሻላል። ማጥበቁ ላይ እያስወጡ ያለው ትንፋሽን ነው፤ አንዱ አልገባኝም ብሎት በ25ኛው አብራራ።

መድኃኒት ላይ ክሩ አጭር ነው፣ መሆንም ያለበት ያው ነው። 26ኛው አስቸኩሎ ለሚያመልጠው ኦክሲቡቲኒን 5 ሚሊ ግራም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለአረጋዊ ከ2.5 ይጀመራል አለ። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አረጋውያንን ያደናግራል፤ አንግል የሚዘጋ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ላለበት አይሰጥም፤ የቀረው ሽንት ሳይለካም አይሰጥም። ሚራቤግሮን ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም አእምሮን አያደናግርም፣ ግን የደም ግፊት መለካትን ይጠይቃል። ሁለቱም በሳል ለሚያመልጠው ምንም አይሠሩም። ለዚያኛው የሚሞከረው ዱሎክሴቲን ነው፤ ያቅለሸልሻል፣ በድንገት አይቆምም። ከመድኃኒቱ ጎን ፊኛን ማሠልጠን ይሂድ፦ ሰዓት እያዩ መሽናት፣ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ እየጨመሩ ወደ ሁለት ተኩልና ሦስት ሰዓት መድረስ።

27ኛው አንድ ቅጠል አምጥቶ እየቀቀሉ አሥራ አምስት ቀን መጠጣት ነው አለ። 28ኛው የቅጠሉን ስም፣ መጠኑንና ኩላሊት ላይ የሚያደርገውን ጠየቀው። 27ኛው ሦስቱንም አልመለሰም።

29ኛው ቀዶ ሕክምናውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለት መንገድ አለ። ስሊንግ የሚባለው መረብ በሽንት ቧንቧው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይደግፈዋል። የሚስማማው ቀላልና መካከለኛ ለሆነው፣ ጨረር ላልወሰደው፣ ጡንቻው ገና በጥቂቱ ለሚሠራለት ሰው ነው። ሰው ሠራሹ መቆለፊያ ደግሞ ሦስት ክፍል አለው፦ ቧንቧውን የሚያቅፍ ቀለበት፣ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ የሚቀበር ፓምፕ፣ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ፈሳሽ የያዘ ባሉን። ሰውየው ሊሸና ሲል ፓምፑን ይጫናል፣ ፈሳሹ ከቀለበቱ ወደ ባሉኑ ይሄዳል፣ ቧንቧው ይከፈታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ይዘጋል። ከተገጠመ በኋላ ወዲያው አይሠራም፣ ቁስሉ እስኪድን 6 ሳምንት ያህል ተቆልፎ ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር አልሠራም ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለም። ለከባዱ የሚመከረው ይህ ነው። ጨረር የወሰደም ይገጠምለታል፣ ግን ቀለበቱ ቧንቧውን የመብላት ዕድሉ ከፍ ይላል። ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ በዓመታት ውስጥ መቀየር ሊያስፈልገው እንደሚችል ቀድሞ ይነገረው። ጣቱ የማይታዘዘው ወይም የሚረሳ ሰው ፓምፑን መጫን ስለማይችል አይገጠምለትም።

30ኛው ለእዚህ አገር የሚሆነውን ጨመረ። ስሊንግ የገባለት ሰው ለ6 ሳምንት ቁጢጥ ማለት የለበትም፣ መረቡ ሳይያዝ ይንሸራተታል። ጉድጓድ ሽንት ቤት ብቻ ላለው ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት መሃሉ የተቀደደ ወንበር ይሠራ፤ ማንኛውም አናጺ የሚችለው ነው። ከባድ ማንሳትም የለም። መቆለፊያ የገባለት ደግሞ ለረጅም ሰዓት ሞተር ሳይክል፣ ብስክሌትና ፈረስ ላይ አይቀመጥ፤ ቀለበቱ ያለው ኮርቻው የሚጫነው ቦታ ላይ ነው። 31ኛው ባጃጅስ ብሎ ጠየቀ፤ ስፖንጅ ያለው መቀመጫ ላይ ተሳፋሪ ሆኖ ምንም አይደለም ተባለ።

የመጨረሻው፣ 32ኛው፣ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች የተጻፈ ነው። መቆለፊያ ያለው ሰው በሌላ ሕመም ራሱን ስቶ ሲመጣ አንድ ሰው እንደ ልማዱ ካቴተር ይገፋል፤ የተዘጋው ቀለበት ላይ ሲገፋ ቧንቧው ይቀደዳል ወይም ቀለበቱ በኋላ ቧንቧውን በልቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማንኛውም ወንድ ካቴተር ሳይገባለት ቆለጥ ከረጢቱ ይዳሰስ፣ ጠንካራ ፓምፕ ካለ ይቁም። ቀለበቱ ተከፍቶ፣ መቆለፊያው ክፍት እንደሆነ እንዲቆይ ተደርጎ፣ ከዚያ 12 ወይም 14 ቁጥር ቀጭን ካቴተር፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ። መክፈት የሚችል ሰው ከሌለ ወደ ዩሮሎጂስት ይደወል፤ ፊኛው ሊፈነዳ ካልሆነ በስተቀር አይቸኮል፣ ያኔም ከእምብርት በታች በመርፌ ማውጣት ቧንቧውን ከመንካት ይሻላል። ባለቤቱ ደግሞ መሣሪያ እንዳለው የሚገልጽ ካርድ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ።